በስልክ የመርሳት ችግርን መለየት፦ ድሬዳዋ ላይ ለሚደውል የጤና ባለሙያ

ከመልካ ጀብዱ ወይም ከገጠር ቀበሌ ለክትትል ለሚመጡ አረጋውያን እያንዳንዱ ጉዞ ድካምም ወጪም ነው። አጭር የስልክ ልየታ ከእነሱ መካከል ማን ቀድሞ በአካል መታየት እንዳለበት ይጠቁማል። ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) አለ ወይም የለም ብሎ ለመወሰን ግን አይበቃም። በዚህ ሥራ ላይ በጣም የሚያሳስበን ስህተት ጤነኛውን ሰው መስመሩ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ወይም ቋንቋው ታማሚ ሲያስመስለው ነው።

መጀመሪያ ለቤተሰቡ ደውለው ቀጠሮ ይያዙ። አንዲት እናት ለማያውቁት ደዋይ ስለ ራሳቸው አልናገርም ቢሉ መጠንቀቃቸው ነው፣ ሕመም አይደለም። ስለ ባንክም ስለ ቴሌብርም እንደማይጠየቁ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ያዝላል፤ ጫት የሚቅሙትም በርጫ ላይ ይሆናሉ። በረመዳን እንቅልፍ ስለሚዛባ፣ አጣዳፊ ካልሆነ ከዒድ በኋላ ያድርጉት።

አፍ የፈቱበት ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ይደውል። የልጅ ልጅ አያስተርጉም፤ ከፍቅር የተነሳ መልሱን አቃንቶ ያቀርባል።

በዕለቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ይነሳ፣ እስክርቢቶና ወረቀት ይራቅ። ስማርት ስልክ ከሆነ ቀኑ ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ጆሯቸው ላይ ይያዙት። ቀጥሎ መስማታቸውን ያረጋግጡ፦ «አባባ፣ የምለውን ይድገሙልኝ፤ ዛሬ ገበያው ሞልቷል።» ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው መድገም ካልቻሉ ያቁሙና በአካል ይቅጠሯቸው። ያልተሰማ ጥያቄ ዜሮ አይሰጠውም።

ለመጀመር ባለ6 ጥያቄው ልየታ ይመቻል። ሦስት ቃላት በሴኮንድ አንድ እያሉ ይናገሩ፦ ወንበር፣ ብርቱካን፣ ግመል። እስኪይዟቸው ድረስ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ያስደግሟቸው፤ ይህ ነጥብ የለውም። ከዚያ ዓመቱን፣ ወሩንና ከሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በመጨረሻም ሦስቱን ቃላት እንዲያስታውሱ ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ 1 ነጥብ ይሰጣል። 4ና ከዚያ በታች ያገኘ በአካል ይመርመር። ቃላቱን መቀየር ከፈለጉ ሰ፣ ፈ እና ሸ የሚበዙባቸውን ይተዉ፤ መደበኛው የስልክ መስመር ከ3400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ስለሚቆርጥ እነዚህ ይደባለቃሉ።

ዓመቱ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የፈረንጁን ቢነግሩዎት «በየትኛው አቆጣጠር?» ይበሉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ወሩን ሻዕባን ወይም ረጀብ ያሉም ልክ ሊሆኑ ስለሚችሉ የሂጅራ ካላንደር አጠገብዎ ይኑር። በመስከረም መጀመሪያ ያለፈውን ዓመት መጥራት ጤነኛውም ላይ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመውና ከ41 የሚታረመው ረዘም ያለው የስልክ መጠይቅ (TICS) ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። ቀኑን ሲጠየቁ «ዛሬ ገብርኤል ነው» ካሉና ቀኑ በእውነት 19 ከሆነ መልሱ ትክክል ነው። አድራሻ ላይ የቤት ቁጥር ባይጠሩም ሰፈራቸውንና ምልክቱን ካስረዱ በቂ ነው። ከ100 ላይ 7 እያነሱ መቀነስ ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው የትምህርት ፈተና ይሆናል። በብር ቢቀይሩት ይቀላል፤ ያኔ ግን ውጭ አገር የወጣውን የነጥብ ወሰን እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

ከሰዎቹ መልስ ይልቅ የአስታማሚው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ለብቻው፣ አረጋዊው በማይሰሙበት ቦታ ይደውሉለት። ኤ-ዲ-8 (AD8) የሚባለው የአስታማሚ መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም የሚጠይቁት በቅርብ ዓመታት ውስጥ ስለመጣ ለውጥ ነው፦ አንድ ነገር መደጋገም፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ገንዘብ መያዝ ማቃት፣ አዲስ ዕቃ መጠቀም መልመድ አለመቻል የመሳሰሉት። ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። «እርጅና ነው እንጂ ደህና ናቸው» የሚለውን ዝም ብለው አይለፉት፤ ገበያውን አሁን ማን ይሄዳል፣ ዱሮስ ማን ይሄድ ነበር ብለው ይጠይቁ። ድሮም ገንዘብ ይዘው የማያውቁ ከሆነ ለውጥ የለም።

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ፣ እየሄደ ከተመለሰ ወይም ማንቀላፋት ካለበት ልየታውን ይተዉትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ያስመጧቸው። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የፈሳሽ ማነስ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ በመጣውም ጊዜ ድብርት፣ የታይሮይድ ችግርና የቢ12 እጥረት ይታሰቡ፤ ሕክምና አላቸው።

ነጥቡን በስልክ አይናገሩ፤ «በአካል ላያችሁ እፈልጋለሁ» ብለው የቀጠሮ ቀን ይስጡ። በካርዱ ላይ የተሳሳቱትን መልስ ራሱን፣ የተነጋገራችሁበትን ቋንቋ፣ የመስመሩን ጥራትና ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ይጻፉ። የተጠቀሙባቸውን ሦስት ቃላትም ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጥሪ ሌሎች ያስፈልጋሉ።