የጃፓን ጥናት ለሚጀምሩ፦ መጀመሪያ ጽሕፈቱን
በዩኒቨርሲቲ የጃፓንን ባህልና ማኅበረሰብ ልታጠኑ ከሆነ፣ ከታሪኩ በፊት ጽሕፈቱን ያዙ። ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ የድምፅ ፊደላት ይቀድማሉ፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክት አላቸው። አብዛኛው ምልክት እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በላቲን ፊደል መጻፉን ቶሎ ተዉት፤ ንባብ ያዘገያል።

ቀጥሎ ካንጂ ነው፤ ከቻይና የመጡት፣ ትርጉም የሚይዙት ምልክቶች ማለት ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት በይፋ የተመረጡት 2,136 ናቸው። በቀን አምስት ይበቃል፤ ሃያ የያዘ ክለሳው ይቆለልበታል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክፍሎቹን እየለያችሁ በእጃችሁ ጻፉ፦ «ሰው» ከ«ዛፍ» ጎን ሲቆም «ማረፍ» ይሆናል። ንባቡን ለብቻው ሳይሆን ከነቃሉ አጥኑ። የ«ተራራ» ምልክት ብቻውን «ያማ» ነው፤ በ«ፉጂሳን» (የፉጂ ተራራ) ውስጥ ግን «ሳን» ይባላል። ይህን «ሳን» ከስም ቀጥሎ ከሚመጣው የአክብሮት «ሳን» ጋር አታምታቱት፤ ድምፁ እንጂ ጽሕፈቱ አንድ አይደለም።