አሥራ አራት ቀን ይሰጠኝ፦ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እንዴት እንደምጽፍ

በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። መዝገብ እከፍታለሁ፣ ገጽ እቆጥራለሁ፣ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። በእነዚያ ዓመታት አብዝቼ የሰማኋት ዓረፍተ ነገር «ምርመራችንን ስላልጨረስን ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠን» የምትለዋ ናት። መርማሪው ይህን ሲል የተጠርጣሪው እናት ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው በጣቶቻቸው መቁጠር ይጀምራሉ። አንድ ልብ ወለድ ምን ቢኖረው አንባቢ እንቅልፍ እንደሚያጣ የገባኝ እነዚያን ጣቶች ሳይ ነው።

ስለዚህ እናንተም ከቀን ጀምሩ። «ገዳዩ ማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እስከ መቼ?» በሉ። ቀነ ገደብ የሌለው ታሪክ ምሥጢር ሊኖረው ይችላል፤ ውጥረት ግን አይኖረውም። ቀነ ገደቡን ደግሞ ከሰማይ አታውርዱት፤ ከምታውቁት ሥራና ኑሮ ፈልጉት። እኔ ከሕግ ወሰድኩት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ይህችን «አይቆጠርም» ልብ በሏት፤ ክፉ መርማሪ ለመፍጠር የሚበቃ ቀዳዳ አላት። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ለአንድ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ርዝመት አላውቅም።

አሁን የምጽፈው መጽሐፍ የሚጀምረው ነሐሴ 26 ቀን ነው። ያላጠፋ ወጣት በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ችሎት ይቀርባል፤ 14 ቀን ይሰጥበታል። ቀጠሮው መቼ ነው? መስከረም 5 ትላላችሁ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ግን ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች ቀጠሮው መስከረም 4 ይውላል። ጀግናዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አንድ ቀን የቀራት መስሏት ያደረች ዕለት ምንም አልቀራትም። ይህን ስሕተት አንባቢው ከእሷ ቀድሞ እንዲያውቀው፣ በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ «ዘንድሮ ሉቃስ ነው» ብለው እንዲያልፉ አደረግሁ። አስተዋይ አንባቢ ከዚያ ገጽ ጀምሮ መቀመጫው አይመቸውም።

ከዚህ በኋላ 14 ቁራጭ ወረቀት ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፤ በዚያ ቀን ጀግናዋ ምን አገኘች፣ ምንስ ከፈለች። ከፈለች የሚለው ባዶ የሆነበት ቀን ካለ ምዕራፉን ጣሉት። ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን ያላወቀ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር። ጎንደርን ወይም ሐረርን ሳይሰጥ መልስ አይነገረውም። ጀግናችሁም እንደዚሁ ናት፤ አንድ ነገር ባወቀች ቁጥር አንድ አገር ትስጥ። ሥራዋን፣ ጓደኛዋን፣ የእናቷን እምነት። መጨረሻውን ደግሞ ከመጀመሪያው ዕለት ዕወቁት። «ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ይመሩኛል» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የእኔዎቹ የመሩኝ ጊዜ 90 ገጽ ቡና ሲጠጡ ቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጀማሪ ጸሐፊ ልብ ማንጠልጠል መደበቅ ይመስለዋል። የመጀመሪያ ረቂቄ ሁሉንም ነገር ደብቆ ነበር፤ ገዳዩን፣ ምክንያቱን፣ ፋይሉ የት እንዳለ። ያነበበችው እህቴ «ጨለማ ቤት ውስጥ ትተሽኝ ወጣሽ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ምንም የማያውቅ ሰው አይፈራም፤ የሚፈራው ግማሹን ያወቀ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ማን እንደገደለ ለአንባቢ በሁለተኛው ምዕራፍ እነግረዋለሁ፤ ማን እንደረዳው ብቻ እደብቃለሁ። ሟቹ ከገዳዩ ጋር ሲተናነቅ ከግራጫ ኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ በጥሶ ይይዛል። የሟቹ እናት አስከሬኑ ሲታጠብ ከልጃቸው እጅ የወደቀችውን ቁልፍ አንስተው፣ ምን እንደሆነች ሳያውቁ፣ የልጃቸው የመጨረሻ ነገር ናት ብለው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሯታል። በሦስተኛው ቀን ገዳዩ ለቅሶ ይደርሳል። ይህን ትዕይንት አምስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በመጀመሪያው አጻጻፍ ሰውየው ሽጉጥ ይዞ ነበር፤ አንባቢው ደነገጠ፣ ገጹን ገለጠ፣ ረሳው። የመጨረሻው ግን እንዲህ ሆነ፦

«እናትየው ትሪውን ወደ እሱ አስጠጉ። ‹ልጄ፣ ምንም አልቀመስክም› አሉት። እምቢ ሊል አልቻለም። ጎረሰ። እጃቸውን ወደ ትሪው ሲመልሱ ዓይናቸው ኮቱ ላይ አረፈ። ‹ቁልፍህ ተበጥሷል› አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ‹አውልቀው፣ ቆይቼ አንዱን እተክልልሃለሁ።›»

እዚህ ውስጥ ሽጉጥ የለም፤ ማንም አልጮኸም። ነገር ግን የነጠላዋ ቋጠሮ የት እንዳለች አንባቢው ያውቃል። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት ስትጽፉ አደጋውን ከሩቅ አታምጡት፤ ደግነትና ወግ በሚከበሩበት ቦታ አስቀምጡት። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ከለቅሶ ቤት ሮጦ መውጣትም ነውር ነው። ነውር ከገመድ ይልቅ ያስራል።

«ቁልፍ» የሚለውን ቃል ሳስብበት ሌላ በር ተከፈተልኝ። የበርም ቁልፍ አለ፣ የልብስም ቁልፍ አለ። አስከሬን አጣቢው ለፖሊስ በሰጡት ቃል «በእጁ ቁልፍ ይዞ ነበር» ይላሉ። መርማሪው በር ፍለጋ ከተማውን ያስሳል፤ ገዳዩ ኮቱን ለብሶ በጎኑ ያልፋል። ፍንጭ መደበቅ ማለት ይህ ነው፤ በግልጽ ተጽፎ በሌላ ትርጉም የሚነበብ። ሰምና ወርቅን ለቅኔ ብቻ አንተወው።

ቋንቋችን ሌላም ስጦታ አለው፤ ስጦታው ግን ወጥመድም ነው። በአማርኛ ግሱ ጾታን ያጋልጣል። «ገባ» ካልን ወንድ፣ «ገባች» ካልን ሴት ነው። በጨለማ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይሉን የሰረቀውን ሰው ማንነት መደበቅ ፈለግሁና አንቱታ አዳነኝ፦ «ወደ ውስጥ ገቡ። መብራቱን አላበሩም። ሦስተኛውን መደርደሪያ ዳሰው ፋይሉን አወጡ።» ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ ይሁኑ ሁለት ወጣቶች አይታወቅም። በጣም ኮራሁ። እህቴ ገጽ 12 ላይ «ዳኛው ናቸው» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት፣ እስከዚያ ገጽ ድረስ በመጽሐፉ ውስጥ አንቱ የተባለ ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነገረችኝ። አሁን ከገጽ 12 በፊት የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ጡረታ የወጡት ጸሐፊና የእድሩ ዳኛ ሁሉም አንቱ ይባላሉ፤ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ሁለት ተላላኪ ልጆችም አሉ።

ሦስተኛው ዘዴ ግን ሊያዋርደኝ ነበር። በፋይሉ ውስጥ «ማክሰኞ ይመታል» የሚል ብጣሽ ወረቀት አለ። «መ» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ሌላውን ይመታል፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ እሱ ራሱ ሊመታ ነው። ዛቻ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? በወረቀት ላይ ውብ ነበር። ለጎረቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት ግን አፌ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ምሥጢሩ በአንድ ቃል አለቀ። መጽሐፋችሁ አንድ ቀን በትረካ ሊቀርብ እንደሚችል አትርሱ። እኔ ችግሩን ወደ ታሪኩ አስገባሁት፤ ወረቀቱን በችሎት የሚያነበው ሰው አላልቶ ያነበዋል፣ ተጠርጣሪው በዚያ ንባብ 14 ቀን ይታሰራል። ጀግናዋ ፋይሉን የምትፈልገው ወረቀቷን በዓይኗ ለማየት ነው።

ስለ ስልክ አጭር ነገር ልበል። የዛሬ አንባቢ «ለምን አትደውልም?» ይላል። ባትሪ አለቀ ማለት በአንድ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ኔትወርክ ጠፋ ማለትም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ መደወሉን ራሱን አደገኛ አድርጉት። የእኔ ጀግና የምታምነው ሰው ስልክ ሌላ ሰው እጅ እንደገባ አንባቢው ያያል፤ እሷ ግን ትደውላለች።

የምዕራፍ መጨረሻ ላይ በሩ ሊከፈት ሲል አትቁረጡ። አንዴ ይሠራል፤ አሥር ጊዜ ሲደጋገም አንባቢው ይናደዳል። በሩ ይከፈት፣ ሰውየው ይታይ፣ ጀግናዋ ልትመለስበት የማትችለውን ውሳኔ ትወስን፤ እዚያ ላይ ቁረጡ።

ሲያልቅ አሳጥሩ። የእኔ ረቂቅ 312 ገጽ ነበር፤ አሁን 240 ነው። የወጣው በአብዛኛው ጀግናዋ የምታስብበት ቦታ ነበር። ከዚያ ሥራ ላይ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ አክብሮ ከሚያዳምጥ ሰው ፊት ምንም አትማሩም። እኔ ጎረቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አነብላታለሁ። ቢላዋው ካልቆመ ምዕራፉ አልሠራም፤ ተመልሼ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የለቅሶ ቤቱን ትዕይንት ለአምስተኛ ጊዜ ሳነብላት ቢላዋው ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና «በይ ንገሪያቸው» አለችኝ፣ «ነጠላቸውን እንዳይፈቱት።»