ሳማ ሳይለበልባችሁ

ሳማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ግርፊያ ከሆነ፣ እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። መንዝ ላይ ከብት እህል ውስጥ ያስገባ ልጅ በሳማ ይለበለባል። ማታ ያው ሳማ ወጥ ሆኖ ይቀርብለታል። ክረምት ላይ እህሉ ሲሳሳ አያቴ ወጧን የምታመጣው ከጓሮ ነበር።

የደጋችን ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮው አይበቅልም። ሳይንሳዊ ስሙም ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፤ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ።

አሁን አዲስ አበባ ሆኜ እሠራዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ገባሁበት። ፌስታል ምን ያደርጋል! እስከ ማታ እጄ ሲነድ ዋለ። የሳማ ጸጉር እንደ መርፌ ነው፤ ጫፉ ሲሰበር ሂስታሚንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮች ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ወፍራም የጎማ ጓንት አድርጉ። አያቴማ በጉጠት ይዛ በማጭድ ነበር የምትቆርጠው።

ለምለሙን ጫፍ ብቻ ቁረጡ፣ ሦስት አራት ቅጠል። ካበበ ተዉት፤ ይሻክራል። ሳማ ፍግ ይወዳል፤ በረት አጠገብና የፈረሰ ቤት ላይ የሚፋፋው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ከቆሻሻ መጣያና ከቦይ ዳር አትልቀሙ።

ጓንቱን ሳታወልቁ እጠቡት። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ በጥቂት ደቂቃ መለብለቡን ይተዋል። እኔ ግን እስኪልም 20 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። እንዳትደነግጡ፣ ሰፌድ ሙሉ ቅጠል አንድ ጭልፋ ይሆናል። በማማሰያ ደህና አድርጋችሁ እሹት። ውሃውን አትድፉ! ሁለት እፍኝ የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ደረቁን ከጨመራችሁት ይጓጉላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያ። ፆም ካልሆነ ትንሽ ቅቤ፣ ከሆነ ዘይት። ቅባቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከቅጠሉ የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም።

ሰው ሁሉ «ሳማ ደም ይሆናል» ይላል። ብረት አለው፣ እውነት ነው። የቅጠል ብረት ግን እንደ ሥጋ ብረት ቶሎ አይገባም። በእኔ ግምት ሳማ ይበልጥ የሚመሰገነው በካልሲየሙ ነው። የአውሮፓው ዘመዱ ተቀቅሎ በ100 ግራም 480 ሚሊግራም አካባቢ አለው፤ የላም ወተት 120 አካባቢ ነው። የእኛም በካልሲየም ሀብታም ነው፤ ወተት በማይጠጣበት በፆም ወራት ቀላል ነገር አይደለም። ለጨጓራ ፍቱን ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሆዴን አይከብደኝም፤ መድኃኒት ነው ብዬ ግን አልምልም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሳማ አያብዛ። ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል።

ሲቀርብ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ቡናውን ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ ወዲያው ከተጠጣ ብረቱን ይይዘዋል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ጀበናዋን ጥዳ «እንግዲያው ሳማው ይቆይ» አለችኝ።