ከኤሌክትሮን ብዛት ወደ አምፔር

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ማታ ማታ ፊዚክስ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼን የሚያስጨንቃቸው ቀመሩ ሳይሆን የዜሮው ብዛት ነው። ስለዚህ ቀስ እያልን እንሂድ።

በስልክ ቻርጀር ገመድ ውስጥ በ2 ደቂቃ 3.75 × 10²⁰ ኤሌክትሮኖች አለፉ እንበል። ከረንቱ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው ቻርጅ፣ ስንት አምፔር ነው?

መጀመሪያ ቻርጁን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ በጠቅላላ የተሸከሙትን የኤሌክትሪክ መጠን ፈልጉ፤ መለኪያው ኩሎምብ ነው። አንድ ኤሌክትሮን የሚሸከመው 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። በኤሌክትሮኖቹ ብዛት አባዙት። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። 3.75 በ1.6 ሲባዛ 6 ይመጣል። ፓወሮቹ (ከ10 በላይ የተጻፉት ትንንሽ ቁጥሮች) ግን አይባዙም፣ ይደመራሉ፤ 20 እና ኔጌቲቭ 19 ሲደመሩ 1 ነው። ስለዚህ 6 × 10፣ ማለትም 60 ኩሎምብ።

ቀጥሎ ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ቀይሩ፤ 120 ሰከንድ። ይቺን ዘሎ በ2 የሚያካፍል ሰው 30 አምፔር ያገኛል። 30 አምፔር እኮ ያንን ቀጭን ገመድ ያቀልጠዋል! እስቲ ቻርጀራችሁን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 አምፔር ገደማ ነው የሚለው። መልሳችሁን ሁሌም እንዲህ መዝኑት።

እንግዲህ ቻርጁን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ 60 ለ120 ሲካፈል 0.5 አምፔር።

አቅጣጫ ከተጠየቃችሁ፣ ከረንቱን ኤሌክትሮኖቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ አመልክቱ።