ሲሚኖፉ አላጎርስ ካለ

ያገለገለ ሲሚኖፍ ጠመንጃ ጥይት አላጎርስ ካላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ ጥይቱን በሙሉ አውጡና ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ይሄን ከዘለላችሁ ባትነኩት ይሻላል።

ከዚያ 10 ጥይት የሚይዘውን ካዝና ከፍታችሁ ጥይት የሚገፋውን ክፍል በጣት ጫን ለቀቅ አድርጉት። እየተንቀረፈፈ ከተመለሰ የደረቀ ቅባት ወይም የደከመ ሞላ ነው። እንደኛ ጅማ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት፣ ክረምቱን ጥግ ቆሞ የከረመ መሣሪያ ላይ ደግሞ ዝገት አይጠፋም። የቆየውን ቅባት ጠርጉ፣ ከአፈሙዙ በርሜል በላይ ያለውን የጋዝ ቱቦም ከጥላሸት አጽዱና አድርቁ፤ ቅባቱን የጠረጋችሁበትን ክፍል ደግሞ ስስ ዘይት ቀቡ። ብዙ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። የዛገ ወይም የተጎዳ ጥይት አትጠቀሙ። የደከመ ሞላ ግን በፍጹም እንዳትለጥጡት፣ ባለሙያ ይቀይረው።