የውሃ ፓምፕ እምቢ ሲል መቆጣጠሪያውን እንዴት እንፈትሻለን?

እኛ ለገጣፎ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ግቢ ታች ታንከር፣ ላይ ሮቶ አለው፤ መሃል ላይ ደግሞ ፓምፕ። ፓምፑ የቆመ ቀን ታንከሩ ሞልቶ ቤቱ ይደርቃል። ባለፈው አንድ ጎረቤታችን "ሞተሩ ተቃጥሏል" ተብለው አዲስ ሊገዙ ሲወጡ በር ላይ አገኘኋቸው። "ቆይ ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ እንየው" አልኳቸው። የሞተው ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ትንሽ ዕቃ ብቻ ነበር። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እናንተም እንዲህ ፈትሹ።

ከመብራቱ ጀምሩ። ብሬከሩ ወርዶ ከሆነ አንዴ መልሱት። ወዲያው ደግሞ ከወረደ ግን አትደጋግሙት፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ወይም ውሃ ገብቷል፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ብሬከሩ ካልወረደ አምፖሉን እዩት። መብራታችን 220 ቮልት ነው መሆን ያለበት፣ ግን ሰው ሁሉ ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት ይደክማል፤ አቅም ያነሰው ሞተር ደግሞ ልነሳ እያለ ሲታገል ብዙ ከረንት ይስብና ይግላል። እንዲህ ከሆነ አጥፉትና መብራቱ እስኪስተካከል ጠብቁ።

ቀጥሎ አብሩና ጆሯችሁን ስጡት።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ፍሎቱን፣ ማለትም ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ ጠርጥሩ። ብዙ ቤት ሁለት አለ፦ አንዱ የታንከሩ ውሃ ሲያልቅ ያጠፋል፣ ሌላው ሮቶው ሲሞላ ያጠፋል። ገመዱ ተጠማዞ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። መብራቱን አጥፍታችሁ ፍሎቱን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ውስጡ ቀጭ የሚል ነገር መስማት አለባችሁ። ካልሰማችሁ ቀይሩት።

ሮቶ ሳይኖራችሁ በቀጥታ ወደ ቧንቧ የምትገፉ ከሆነ የምታዩት አውቶማቲኩን፣ ማለትም በውሃው ግፊት ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ክዳኑን በካቻቪቴ ክፈቱ። አንዴ እንዲህ ስከፍት ሁለቱ የሚገናኙት ነጥቦች መሃል ተጨፍልቃ የደረቀች ጉንዳን አገኘሁ፤ ፓምፑን ያቆመችው እሷ ነበረች። ነጥቦቹ ትንሽ ከጠቆሩ በስሱ ጥረጓቸው፣ ከተበሉ ግን አውቶማቲኩን ቀይሩ። ቧንቧ ስትከፍቱ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የፕሬዠር ታንኩ፣ ማለትም ግፊት እንዲይዝ ውስጡ አየር ያለው ትንሽ ታንክ፣ አየሩ አልቋል። ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ ከዚያ እንደ መኪና ጎማ በብስክሌት መንፊያ ንፉት። አየሩ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

እምም እያለ የማይነሳ ከሆነ አሁኑኑ አጥፉት! በዚህ ሁኔታ ትንሽ ከቆየ የእውነት ይቃጠላል። ሶኬቱን ንቀሉና የሞተሩን ዘንግ ከኋላ በኩል በካቻቪቴ አዙሩት። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከርሞ ከሆነ ተጣብቆ ይሆናል፤ ትንሽ ስታዙሩት ይለቃል። ዘንጉ በቀላሉ ከዞረ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካፓሲተሩ ነው። የጋሼ ካፓሲተር ጫፉ አብጦ፣ ዘይት የመሰለ ነገር አውጥቶ ነበር። እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ጫፎቹን በእጃችሁ እንዳትነኩ። ማራገፉን የማታውቁት ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (የካፓሲተሩ መጠን) እኩል መሆን አለበት፤ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ ቢሆን ችግር የለውም።

ስትገጥሙ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለባትን የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ቦታዋ መልሱ። "ያለሷም ይሠራል" የሚል ባለሙያ አትስሙ። ይሠራል፣ ግን አንድ ቀን የሞተሩ አካል መብራት ከያዘ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የሚነካው ሰው ይሞታል። ከማስነሳታችሁ በፊትም የፓምፑን ሆድ ውሃ ሙሉት፣ በደረቁ እንዳይዞር።