የጥንቱ የአባይ ጎርፍ ከባሕር ዛጎል እንዴት ይነበባል?

ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል በቱቦ የወጣ የጭቃ ዓምድ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ በግራጫው መሃል ጠቆር ያለ ንጣፍ ይታያል። ኤስ1 ይባላል፤ ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። ማርቲን ሮሲኞል-ስትሪክ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉ ንጣፎችን ከዝናብ ጋር አያይዘው አስረዱ፦ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ክረምቱ ሲበረታ የአባይ ጎርፍ ባሕሩን ጨው በሌለው ውሃ ይሸፍነዋል፤ ኦክስጅን ወደ ወለሉ ስለማይደርስም ጥቁሩ ንጣፍ ይከማቻል። ይህን የሚመሰክሩት ተንሳፋፊዎቹ ፎራሚኒፌራ ናቸው፤ በላይኛው ውሃ ተንሳፍፈው የሚኖሩ፣ ሲሞቱ የኖራ ዛጎላቸው ወደ ወለሉ የሚወርድ ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታት።

መጀመሪያ ዓምዱን በየአንድ ወይም በየሁለት ሴንቲሜትሩ ይቁረጡና ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ያድርቁ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው በ63 ማይክሮሜትር ወንፊት ይጠቡ። ጭቃው ያልፋል፣ ዛጎሎቹ እንደ ነጭ አሸዋ ይቀራሉ። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ሲሻገሩ ወንፊቱን ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም ይንከሩት። ተሰንቅሮ የቀረ ዛጎል ሰማያዊ ስለሚሆን፣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የሌላ ናሙና መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ቀጥሎ ለቀማው ነው፤ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። ከ250 እስከ 355 ማይክሮሜትር ያሉትን ብቻ ጥቁር ትሪ ላይ ይበትኑ። የቀጭን ብሩሽ ጫፍ አርጥበው ሲነኩት ዛጎሉ ይጣበቃል። ግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር የሚባለውን ዝርያ ይምረጡ፤ የሚኖረው የአባይ ውሃ በሚንሳፈፍበት ጥልቀት አካባቢ ነው። ነጭና ሮዝ ዓይነት አለው፤ ሮዙ ሞቃት ውሃ ስለሚወድ አይቀላቅሏቸው። መጠኑም ይመሳሰል፤ ትንሽና ትልቅ ዛጎል ልዩ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ላይ የቸኮለን ሰው የትኛውም ውድ መሣሪያ አያድነውም።

ከ10 እስከ 20 ያህሉን በሁለት መስታወት መሃል ቀስ ብለው ይሰንጥቁ፤ በሜታኖል ውስጥ በአልትራሳውንድ ለጥቂት ሰከንድ አጽድተው ያድርቁ። የቀረው የማሽኑ ነው፦ 70 ዲግሪ የሞቀ ፎስፎሪክ አሲድ ኖራውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፣ በክብደት የሚለየው መሣሪያ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ቀላሉንና ከባዱን ኦክስጅን (ኦክስጅን-16ንና ኦክስጅን-18ን) ይለያል። በየመሃሉ ዋጋው የታወቀ መመዘኛ ኖራ ይለኩ፤ እሱ ከሳተ የዕለቱ ውጤት አይታመንም።

ንባቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውሃው በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክስጅን-18 ዋጋ ከሺህ 0.2 ያህል ይወርዳል፤ የአባይ ጎርፍም እንዲሁ ያወርደዋል። የዋልታ በረዶ ሲገዝፍ ደግሞ የውቅያኖሱ ሁሉ ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኤስ1 ላይ ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ «ጎርፍ ነው» አይባልም። ከዚያው ናሙና ጥቂት ዛጎል አስቀርተው የማግኒዥየምና የካልሲየም ምጥጥኑን ያስለኩ። ምጥጥኑ በዋነኛነት ሙቀትን ስለሚከተል፣ የሙቀቱ ድርሻ፣ ከሚታወቀው የበረዶ ለውጥ ጋር፣ ተቀንሶ የጎርፉ ድርሻ ይገመታል። ለዕድሜውም ከዚሁ ዝርያ በካርቦን-14 ያስለኩ፤ የንጣፉ የላይኛው ክፍል በኋላ በገባ ኦክስጅን ጥቁረቱን ስለሚያጣ፣ በዓይን የሚታየው ድንበር ያታልላል።